«ተቀባ» አሉኝ እንጂ ስንት እንደምቀባ አልነገሩኝም

የግራ ጆሮዬ ጫፍ የለም። በቢላ የተቆረጠ አይደለም፤ በሽታ በልቶት ነው። ጉንጮቼ ላይ መሐላቸው ነጥቶ ዳርቻቸው የጠቆረ ክብ ጠባሳዎች አሉ። ከግንባሬ ከፍ ብሎ ደግሞ ከእንግዲህ ፀጉር የማያበቅል፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ አለ። ይህን የምዘረዝረው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። ከዚህ ጉዳት ግማሹ ባልደረሰብኝ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቆም ብሎ «ይህን ያህል ነው የምትቀባው» ብሎ ቢያሳየኝ ኖሮ። ስለዚህ የምጽፈው ተናድጄ ነው። የተናደደ ሰው ጽሑፍ የማይወድ ካለ እዚህ ላይ ይተወው።

ታምራት እባላለሁ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ጆሃንስበርግ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የምኖረው ትሮይቪል፣ ከባለቤቴ ከምሕረትና ከስድስት ዓመቷ ልጃችን ጋር ነው። ሥራዬ ሎኬሽን መዞር ነው። እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን፣ ብርድ ልብስና አንሶላ፣ መጋረጃም ጭምር ትከሻ ላይ ቆልሎ በጥቁሮቹ ሰፈር ከበር ወደ በር እየዞሩ መሸጥ ማለት ነው። ሰኞና ማክሰኞ ሶዌቶ፣ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ዛንድስፕሩት። የቆርቆሮ ቤት ጥላ አይጥልም። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ አናቴ ላይ ናት፣ ስሄድም ስቆምም።

መጀመሪያ የታየኝ በታኅሣሥ ነው፤ እዚህ አገር ፀሐይዋ የምትከፋበት ወር። ግራ ጉንጬ ላይ ሳንቲም የምታህል ቀላ ያለች፣ ሻከር ያለች ነገር ወጣች። አታምም። አታሳክክም ማለት ይቻላል። ምሕረት አየችና «ምች ነው» አለች። እኔም ተቀበልኩ። ላብ ይዞኝ ፀሐይ ላይ ስውል ነው የምከርመው፤ ምች ካልመታኝ ማንን ይመታል? ከአገር ቤት የተላከ ደረቅ ዳማከሴ ነበራት፤ አፍልታ አጠነችኝ። ላበኝ፣ ቀለለኝም መሰለኝ። በሳምንቱ ሁለተኛዋ ወጣች፤ አሁን ጆሮዬ ላይ።

መሀል ከተማ ወዳለ አንድ የግል ሐኪም ሄድኩ። ፊቴን ከወንበሩ ሳይነሣ አየው። ፈንገስ ነው አለኝ፤ በእኛ ቋንቋ ጭርት ማለቱ ነው። የሚዋጥና የሚቀባ አዘዘልኝ። ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ጠየቅሁት። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ መልሱ እጄ ላይ ነበርና።

«ዶክተር፣ ፀሐይ የዋልኩ ቀን ይብስብኛል። ከፀሐይ ጋር የተያያዘ ይሆን?»

ሳቀ። እሱም እንደኔ ጥቁር ነው። «አንተ አፍሪካዊ ነህ፣ ማይ ፍሬንድ። ጥቁር ቆዳ የተሠራው ለፀሐይ ነው። ፀሐይን ነጮች ይፍሩ።»

እኔም አብሬው ሳቅሁ። አብሬው መሳቄ ነው ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

የጭርቱን መድኃኒት ለወራት ዋጥኩ። ክቦቹ በዙ። የመጀመሪያዋ ከመሐሏ መንጣት ጀመረች። በዚህ መሀል ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር፣ ፊት የሚያነጡ ቅባቶች ከሚሸጡበት ጠረጴዛ ላይ፣ «ይሄ ሁሉን ያጠፋል» ተብዬ አንድ ቱቦ ገዛሁ። እውነትም በአሥር ቀን አጠፋው። ለምሕረት እያሳየሁ ጌታን አመሰገንኩ። ቱቦው ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት ግን በሽታው በእጥፍ ተመለሰ፣ ቆዳዬም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ። በኋላ እንደተነገረኝ፣ በውስጡ ሐኪም ሳያዝ ፊት ላይ የማይቀባ ኃይለኛ መድኃኒት ነበረበት። ሻጩ አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ የለው።

ያኔ ነው ሰዉ መሸሽ የጀመረው። ቤተ ክርስቲያን «ጌታ ይባርክህ» እያለ እጄን ሁለቴ ይጨብጥ የነበረ ወንድም፣ አሁን ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። አንዱ ለምጽ ነው አለ። ሌላው «የዛሬ ዘመን በሽታ ነው» አለ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወሬው ምሕረት ጆሮ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ከሎኬሽን ስመለስ ፎጣዬ ከነሱ ፎጣ ተለይቶ ሌላ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ብርጭቆዬም ለብቻው ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ለልጅቷ ብዬ ነው» አለች ቀና ብላ ሳታየኝ።

«ለልጅቷ ምን ብለሽ?»

ድምፅዋ ተሰበረ። «ታሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከበር በር ነው የምትዞረው። ሴቶች ቤት ነው የምትገባው። ካለ አለ በለኝ፤ ይቅር እላለሁ። ብቻ አትዋሸኝ።»

አሥር ዓመት አብረን የኖርን ባልና ሚስት ነን። አልጮህኩም። በማግስቱ ሁለታችንም ሄደን ደም ሰጠን። ንጹሕ ነው ተባልን። ወረቀቱን እያየች አለቀሰች፣ ይቅርታም ጠየቀችኝ፤ ፎጣዬን ግን ወደ ቦታው አልመለሰችውም። ለምጹ ገና አልተመረመረማ። ልጄ ከሥራ ስገባ ሮጣ አንገቴ ላይ መጠምጠም ትታ፣ በር ላይ ቆማ «አባ፣ ዛሬስ ያምሃል?» ማለት ጀመረች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅሁም።

የመንግሥት ክሊኒክ ሄድኩ። በሩ ላይ የደንብ ልብስ የሌላቸው አምስት ስድስት ሰዎች ቆመዋል። የሚገባውን ሁሉ መታወቂያ ያስወጣሉ። የእኔን የስደተኛ ፔፐር ሳሳያቸው አንዲት ሴት በሁለት ጣቷ ይዛ አየችውና መለሰችልኝ። «ይሄ የኛ ነው። አገርህ ሂድና ታከም» አለችኝ። ከመስታወቱ ጀርባ አንዲት ነርስ ታየናለች። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፋይሏን አነሣችና ወደ ውስጥ ገባች። ሕጉ እንደማይከለክለኝ አውቃለሁ፤ ግን ሕጉ በር ላይ አልቆመም፣ የቆሙት እነሱ ናቸው። ፊቴን በኮፍያ ሸፍኜ ተመለስኩ።

የደረሰችልኝ ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ ያላት አንዲት ያረጀች ሐኪም ናት። ጉንጬን በመስኮቱ ብርሃን አዙራ አየች፣ ጆሮዬን ዳሰሰች። የዳሰሰኝ ሰው ካየሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር። «ጭርት አይደለም። ለምጽም አይደለም። ማን ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ያባከነብህ?» አለች። ደብዳቤ ጽፋ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ላከችኝ። «በር ላይ ማንም ቢያስቆምህ ይህን አሳይ፤ ካልሆነም ከዚያው ሆነህ ደውልልኝ» አለችኝ።

የሆስፒታሉን ሰልፍ የማያውቅ ሰው ትዕግሥት አለኝ አይበል። ገና ሳይነጋ ነው የሚያዘው። መጀመሪያ ውጭ አጥሩ ሥር፣ ቀጥሎ ፋይል ለማውጣት፣ ቀጥሎ ረዥሙ አግዳሚ ወንበር ላይ። የመጀመሪያ ቀን ፀሐይዋ ወጥታ ፊቴን ማቃጠል ስትጀምር እጄን ጋረድኩ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ እዚህ ጎጎ የሚሏቸው፣ ጃንጥላቸውን ዘረጉና ወደ እኔ አዘነበሉት። ግማሽ ጀርባቸው ፀሐይ ላይ ቀረ። «ጎጎ፣ ለራስዎ» ብላቸው «ዝም በል፣ ልጄ፣ አንተ ነህ የታመምከው» አሉኝ። በሩ ላይ አገርህ ሂድ ያለችኝም፣ ጃንጥላውን ያዘነበሉልኝም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል።

ከጉንጬ የምስር ፍሬ የምታህል ሥጋ በመርፌ አደንዝዘው ለምርመራ ወሰዱ። በሦስተኛው ሳምንት ስሙ ተነገረኝ፤ ዲስኮይድ ሉፐስ። አንድ ወጣት ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁት ወታደሮች ተሳስተው የራሳቸውን ቆዳ ይወጋሉ። የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ በዋናነት የፀሐይ ብርሃን ነው። አይተላለፍም። ለምጽ አይደለም። ከማንም አልያዘኝም፣ ለማንም አላስተላልፍም። የሚዋጥ ክኒን ሰጠኝ፣ የሚቀባ መድኃኒት ሰጠኝ፣ በመጨረሻም ሳንስክሪን የሚባለውን የፀሐይ መከላከያ ቅባት አንድ ጠርሙስ ጻፈልኝ።

«ይህን በየቀኑ ተቀባ» አለኝ። ብዕሩን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «ቀጣይ!»

ይኸው ነው። በዚያች በአንድ ቃል፣ «ተቀባ» በምትል ቃል፣ አራት ወር ሄደ።

እስቲ አስቡት። ጠርሙሱ በነፃ ነው የተሰጠኝ። ፋርማሲ ገብቼ ዋጋውን አይቼዋለሁ፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይደለም። ካለቀ ድጋሚ ይሰጡኝ አይስጡኝ አላውቅም፤ የውጭ አገር ሰው ነኝ፣ በር ላይ የተባልኩትን አልረሳሁም። ስለዚህ እንደ ውድ ዕቃ ያዝኩት። ጠዋት ጠዋት ሽምብራ የምታህል ጠብ አደርጋለሁ፣ በሁለት እጄ አሻለሁ፣ ፊቴን አብሳለሁ፣ በቃ። ጆሮ አልነካሁም፤ ማን ጆሮውን ይቀባል? አንገትም አልነካሁም። ከዚያ ልቤን ሞልቼ ዛንድስፕሩት እገባለሁ፤ ተቀብቻለሁ ብዬ ከበፊቱም ረዘም ላለ ጊዜ ፀሐይ ላይ እውል ነበር። ጠርሙሱ አለማለቁም ያኮራኝ ነበር።

በነዚያ አራት ወራት ነው የጆሮዬ ጫፍ የሄደው። በነዚያ አራት ወራት ነው አናቴ የተላጠው።

በቀጠሮዬ ሐኪሙ ፊቴን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ክኒኑ አልሠራልህም። ወደ ጠንካራው መድኃኒት ልንሄድ ነው» አለ። ጠንካራው ጉበት ሊነካ ይችላል፤ ሰውነትን ለሌላ በሽታ ያጋልጣል፤ በየወሩ ደም መስጠት ያስፈልጋል። ልጄን አሰብኩ። እሺ አልኩ። ደም ለመስጠት ወደ ሲስተር ታንዲ ክፍል ላከኝ።

ሲስተር ታንዲ የሶዌቶ ልጅ ናት፣ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ወላጆቿ ጥቁር ናቸው፤ እሷ ግን ቆዳዋም ፀጉሯም ያለ ቀለም ሆኖ ነው የተወለደችው። በበሩ ጀርባ እንደ ሰፌድ የሰፋ ባርኔጣ ተሰቅሏል። እጅጌዋ እስከ አንጓዋ ነው። ክንዴን እያሰረች ፊቴን በቅርብ አየችው፤ ዓይኗ አጥርቶ ስለማያይ በጣም ትጠጋለች።

«ቡቲ፣ ሳንስክሪን ትቀባለህ?» አለችኝ። ቡቲ ወንድሜ ማለት ነው።

«በየቀኑ፣ ሲስተር። አንድም ቀን ሳልዘል።»

«ይዘኸዋል?»

ከቦርሳዬ አወጣሁት። ተቀብላ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው።

«መቼ ነው የሰጡህ?»

«የዛሬ አራት ወር።»

መርፌውን አስቀመጠች። «አራት ወር? ይሄ ጠርሙስ?»

«አዎ፣ በቁጠባ ነው የምጠቀመው» አልኩ። እንድታመሰግነኝ ጠብቄ ነበር።

«እስቲ ቤትህ እንደምታደርገው ተቀባ፤ ልየው።»

ሽምብራዬን ጠብ አደረግሁ፣ አሸሁ፣ አበስኩ። አልሳቀችም። «ይሄ ለፀሐይዋ ሰላምታ መስጠት ነው እንጂ መከላከል አይደለም» አለች። ከዚያ ግራ እጄን ያዘች። ጠቋሚ ጣቴንና የመሐል ጣቴን አጋጥማ ዘረጋቻቸው፤ ከጣቶቼ ሥር ጀምራ እስከ ጫፋቸው፣ በሁለቱም ላይ፣ ወፍራም መስመር አሰመረችበት። ከኔ ሽምብራ አሥር እጥፍ ቢሆን ነው።

«ይሄ ለፊትህና ለአንገትህ ነው። ለጆሮህ ተጨማሪ ጠብታ አለ፤ ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ። በሁለቱም በኩል፣ ከኋላውም። ፀጉር በሌለው አናትህ ላይ ደግሞ ሌላ። ከቤት ከመውጣትህ ሃያ ደቂቃ ቀድመህ። ደግሞ ጠዋት ተቀብተህ ቀኑን ሙሉ አያቆይህም፤ ውጭ እስካለህ ድረስ በየሁለት ሰዓቱ እንደገና። ስታልብና ስትጠርገው ደግሞ ወዲያው። ደመና ቢሆን፣ ክረምት ቢሆን፣ ተቀባ።»

ግንባሬ ላይ፣ አፍንጫዬ ላይ፣ ጉንጬ ላይ፣ አገጬ ላይ ነጠብጣብ አድርጋ አሳየችኝና «አሁን አዳርሰው፤ አትሸው፣ አዳርሰው» አለች። መስታወት ሰጠችኝ። ፊቴ አመድ የተነፋበት ይመስላል።

ያን ጊዜ ገነፈልኩ። «ታዲያ ለምንድን ነው ያልነገሩኝ?» ብዬ ጮህኩ። «አራት ወር! ጆሮዬን እዪው! ዶክተሩ ተቀባ አለ፣ ፋርማሲው ተቀባ አለ። ሕፃን ልጅ እንኳን ሽሮፕ ስትሰጡት በማንኪያ ለክታችሁ ነው! እኔን ለምን አልለካችሁልኝም?» ዘበኛው በሩ ላይ ብቅ አለ። እሷ በእጇ ሂድ አለችውና እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ከዚያ በዝግታ ተናገረች። «እናቴ እንደኔ ዓይነት ሁለት ልጆች ወለደች፤ እኔንና ታላቅ ወንድሜን። ክሊኒኩ አንድ ጠርሙስ ሰጣትና ቀቢያቸው አላት። እሷም እንዳንተ በጣቷ ጫፍ ነካ እያደረገች ለሁለታችን አብቃቃችው። ወንድሜ ኳስ ይወድ ነበር። ከንፈሩ ላይ የማይድን ቁስል ወጣ። ካንሰር ነው ሲባል ረፍዶ ነበር። የሞተው ሠላሳ ሳይሞላው ነው።» ጠርሙሱን ከደነች። «ለእናቴም ስንት እንደሆነ ማንም አልነገራትም። እስክትሞት ድረስ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ትል ነበር። አንተ ጩህ። ጥሩ ነው። ዛሬ ግን ቤት ስትገባ በትክክል ተቀባ።»

እጄን ይዛ ወደ ሐኪሙ ክፍል መለሰችኝ። «ዶክተር፣ ይህ ሰው ሳንስክሪን ተቀብቶ አያውቅም። ጠንካራውን ከመጀመርህ በፊት ሁለት ወር ስጠው» አለችው።

ሐኪሙ ቅር አለው። «ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል እኮ» አለ።

ተጽፏል። አነበብኩት። ጉንዳን በማታህል ፊደል «በብዛት ይቀቡ» ይላል። ብዛት ስንት ነው? ለባለ መኪናውና ለእኔ ብዛት አንድ ነው? ድሃ ቤት ላደገ ሰው፣ ሽምብራ የምታህለው ቅባት ራሷ ብዛት ናት። ይህን ለሐኪሙ ነገርኩት። ሁለት ወሩን ፈረመ። ሲስተር ታንዲም ለፋርማሲው በየወሩ ሦስት ጠርሙስ እንዲሰጠኝ አስጻፈችው። ፋርማሲው «ለአንድ ሰው አንድ ነው» ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰኝ። ሁለቴም ተመልሼ እሷን ይዣት መጣሁ። በሦስተኛው ሲያየን ገና ከሩቅ ሦስት አወጣ።

ምሕረትንም አንድ ቀን ይዣት ሄድኩ። ሲስተር ታንዲ እጄን ጨብጣ፣ ጉንጬን በባዶ እጇ ዳብሳ አሳየቻት። «አይተላለፍም፣ ሲሲ፣ እኅቴ። ይልቅ እሱ የጆሮውን ጀርባና ማጅራቱን አያየውም። ያ ያንቺ ሥራ ነው» አለቻት። በማግስቱ ጠዋት ምሕረት ከኋላዬ ቆመች። እጇ መጀመሪያ ፈራ ተባ አለ። ከዚያ ጆሮዬን፣ ያንን የተበላውን፣ በሙሉ መዳፏ ያዘችው። ማታ ስገባ ፎጣዬ ከነሱ ፎጣ ጋር ተሰቅሎ ነበር። ልጄም የእናቷን ዓይን አይታ ነው መሰለኝ በሩ ላይ አልቆመችም።

ቀላል ነበር አልልም። ሎኬሽን ውስጥ ነጭ ፊት ይዞ መዞርን እስቲ ሞክሩት። ልጆች እየተከተሉ ይጮሁብኝ ነበር። ዛንድስፕሩት ስፓዛ የሚባለው የሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ ዕቃዬን የማስቀምጥባቸው የአገሬ ሰው ጋሽ ዮሐንስ፣ በየሁለት ሰዓቱ ሱቃቸው ጓሮ ገብቼ ስቀባ ሲያዩኝ ሳቁ።

«ታምራት፣ ሙሽራ ሆንክ እንዴ? ሴቶች እንኳ እንዲህ አይለቀለቁም!»

«ጋሼ፣ ጆሮዬን ይዩት» አልኳቸው። «ይህን የበላው ፀሐይ ነው። ይሳቁ፤ እኔ ግን ሌላውን ጆሮዬን ለሳቅ አልሰጥም።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ጋሽ ዮሐንስ ለሽማግሌ እንዲህ መልስ አይሰጥም ብለው አኮረፉኝ። ለአንድ ወር ዕቃዬን ሌላ ቦታ አስቀመጥኩ። አሁን ታርቀናል፤ ግን ይቅርታ የጠየቅሁት ስለ ድምፄ ነው፣ ስለ ነገሩ አይደለም።

መዞሪያዬንም ቀየርኩ። በማለዳና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እሠራለሁ፤ እኩለ ቀኑን ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ባርኔጣዬ ሰፊ ነው፣ ሸሚዜ ባለ እጅጌ ነው። ገቢዬ ቀንሷል። ምሕረት ልብስ መስፋት ጀምራ ትደግፈኛለች።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ቅላቱ ጠፋ። አዲስ ክብ አልወጣም። ሐኪሙ ፊቴን አዙሮ አዙሮ አየና ጠንካራውን መድኃኒት ከካርዴ ላይ ሰረዘው። ክኒኑን እስከ ዛሬ እወስዳለሁ፣ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችልም ዓይኔን በየጊዜው ይመረምሩኛል። ጠባሳዎቹ ግን አይሄዱም። ፀጉሩ አይመለስም። ጆሮ ደግሞ እንደ ጥፍር አያድግም።

ብዙ ሰው «ድነሃል፣ አሁንማ አመስግን» ይለኛል። አመሰግናለሁ። ጌታን፣ ያቺን አሮጊት ሐኪም፣ ጎጎን፣ ሲስተር ታንዲን። ቁጣዬን ግን አልተውም። መድኃኒት ሰጥቶ መጠኑን አለመንገር መድኃኒት መንፈግ ነው። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ሎኬሽን የምትዞሩ፣ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግታችሁ የምትውሉ፣ ጥቁር ነኝ ብላችሁ አትኩራሩ። ፊታችሁ ላይ የማይለቅ ነገር ካለ ምች ነው፣ ጭርት ነው ብላችሁ ወራት አታባክኑ። ሐኪም ስንት እንደሆነ ሳያሳያችሁ «ተቀቡ» ካላችሁ ከወንበሩ አትነሡ። ስንት በሉት። የት በሉት። በስንት ሰዓቱ በሉት። ቀጣዩ ሰው ይጠብቅ።

ባለፈው ወር ፔፐሬን ላሳድስ የስደተኞች ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰልፉ ውጭ ነው፣ ያለ ጥላ። ሁለት ጊዜ ተቀብቼ፣ ሦስተኛውን ጨምሬ ውስጥ የገባሁት ወደ እኩለ ቀን ነው። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የድሮ ፎቶዬን አየ፣ እኔን አየ።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ታምሜ ነው።»

«ያንን ነጭ ነገር ከፊትህ ጥረግ፤ ካሜራው አያውቅህም።»

ጠረግሁት። ጠባሳዬን እንዳለ አነሣኝ። አሻራዬን ሰጠሁ፣ ትክክል ሆነ። ወረቀቱን አትሞ ገፋልኝና «ጨርሰሃል፣ ቀጣይ!» አለ።

አልተነሣሁም። በሩ ውጭ ፀሐይዋ አስፋልቱን እያነደደችው ይታየኛል። ጠርሙሴን አወጣሁ። ሁለት ጣቴን አጋጥሜ ከሥር እስከ ጫፍ አሰመርኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ።

«መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው።»

«ውጭ አድርገው።»

«ውጭ ያለው በሽታው ነው።»

ከኋላዬ ሰው አጉረመረመ። ዘበኛው ቀረብ አለ። እኔ ግንባሬን ቀባሁ፣ ጉንጮቼን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን፣ አንገቴን። አልቸኮልኩም። ሰውዬው እጁን መዝገቡ ላይ እንዳደረገ ሲያየኝ ቆየ። ቀኝ ጆሮዬን ጨርሼ ግራውን ስይዝ ወንበሩን ወደ መስታወቱ አስጠጋ።

«ያን ሁሉ?» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «በየቀኑ ያን ሁሉ ትቀባለህ?»

«ይህን ሁሉ» አልኩት፣ ጣቶቼን ወደ መስታወቱ አስጠግቼ በደንብ እንዲያያቸው እያደረግሁ።